ደሴ ላይ ፓይተን ምግብ እምቢ አለ፤ ጭንቀት ነው ወይስ ብርዱ?

ጠያቂ (ደሴ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቦል ፓይተን የሚባለው እባቤ ሦስት ሳምንት አይጥ አልበላም። ሌሊቱን ሙሉ የሚኖርበትን ሳጥን መስታወት በአፍንጫው ሲፈትግ ያድራል። መደበቂያው አንድ ብቻ ነው፣ በሙቀቱ በኩል። ምን ላድርግ?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ዓይኑን እይ። ደመና የለበሰ ከመሰለ ቆዳ ሊቀይር ነው፤ ያኔ አለመብላቱ አያስፈራም። መስታወት መፈተግ ግን መውጫ ፍለጋ ነው። መደበቂያው አንድ ሲሆን እባቡ ከሚስማማው ሙቀትና ከመሸሸጊያ አንዱን ይመርጣል፤ ሁለቱንም ካላገኘ አይረጋጋም። በሞቃቱና በቀዝቃዛው ጫፍ አንድ አንድ አድርግለት፤ ሲጠቀለል ጎኑ ግድግዳውን የሚነካ ጠባብ ይሁን። ሦስቱን የመስታወት ጎን በካርቶን ሸፍን። ለ7 ቀን ውሃ ከመቀየር በቀር አትንካው። ከዚያ ማታ ላይ፣ ከወገቡ ያልወፈረ አይጥ አቅርብ። ከበላ በኋላም 48 ሰዓት አታንሳው።

መልስ 2፦ ኮምቦልቻ ቢሆን ብርዱ ይቀል ነበር፤ ደሴ ግን ሌሊቱ ይከብዳል። ሞቃቱ ጫፍ 31–33፣ ቀዝቃዛው 25–27 ዲግሪ ይሁን። ቴርሞሜትሩን ግድግዳ ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ አስቀምጥ፤ ማሞቂያውም ያለ ቴርሞስታት (ሙቀቱን የሚቆጣጠር መሣሪያ) አይሠራ፣ ሆዱን ያቃጥለዋል። መብራት ሲጠፋ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልተህ በጨርቅ ጠቅልለህ ሳጥኑ ውስጥ አኑር፤ ብርድ ልብስ ስትደርብበት አየር ማስገቢያውን አትድፈን።

መልስ 3፦ በየሳምንቱ በኩሽና ሚዛን መዝነው። ክብደቱ ካልወረደ ታገሥ። አፉን ከፍቶ ከተነፈሰ፣ ሲተነፍስ ካፏጨ ወይም አረፋ ካወጣ ግን የሳንባ ሕመም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን እንስሳት ሐኪም ዘንድ ውሰደው።