ሰማያዊው ቀለም ብቻ አልታዘዝ አለኝ

51 ኢንች የሆነ የድሮ ባለ ሦስት ቱቦ ሪር ፕሮጀክሽን ቴሌቪዥን አለኝ። ቀዩ፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው ቱቦ ከታች ሆነው ብርሃናቸውን በየሌንሳቸው ወደ መስታወቱ ይልካሉ። መስታወቱ ምስሉን ከጀርባ በኩል ስክሪኑ ላይ ይጥለዋል። ሦስቱ በትክክል ሲገጣጠሙ ነጭ ይወጣል። ይሄ አሠራሩ ሁሌም ይገርመኛል፤ ልጥለው አንጀቴ አልቻለም።

አሁን ግን ሰማያዊው ከሌሎቹ ተለይቶ ወደ ላይ ጎብጧል። ነጭ ጽሑፍ ሁሉ ሰማያዊ ጥላ አለው፤ ጠርዝ ላይ ይብሳል። በሪሞት ወደ ኮንቨርጀንስ (ሦስቱን ቀለሞች የማገጣጠም) ማስተካከያው ገባሁ። ቀዩ በሁሉም አቅጣጫ ይሄዳል። ሰማያዊው ግራና ቀኝ እሺ ይላል፤ ወደ ላይና ወደ ታች ግን ንቅንቅ አይልም።

ሶኬቱን ነቅዬ፣ ብዙ ቆይቼ ጀርባውን ፈታሁት። የቱቦዎቹ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ አልፈሰሰም፣ አልደፈረሰምም። የኮንቨርጀንስ ቦርዱ ላይ በዓይን የሚታይ የተቃጠለ ነገር የለም። መልቲሜትር አለኝ፣ መበየድም እችላለሁ። ቦርዱ ላይ ያለው የኮንቨርጀንስ አይሲ (ቺፕ) ግን ብዙ እግር ስላለው በግምት መንቀል አልፈለግኩም።

አንድ ቀለም በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንቢ ሲል፣ ጥፋቱ የአይሲው ይሁን ከጎኑ ያሉት ሬዚስተሮች፣ ሳልነቅል በሜትር እንዴት ልለየው?