ሥዕሉ ትዝ ይለኛል፣ መልሱ ግን አይመጣልኝም

የሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ባለፈው ሴሚስተር ሰው በየትኛው የመማር ስልት (በማየት፣ በመስማት፣ በማንበብና በመጻፍ ወይም በተግባር) እንደሚማር ይለያል የሚባለውን ቫርክ የተባለ መጠይቅ ሞልቼ በማየት የምማር ሰው መሆኔን ነገረኝ። አምኜው ማስታወሻዬን ሁሉ ወደ ሥዕል ለወጥሁት፤ የሕዋስ ክፍፍልን ደረጃዎች ብቻ በአራት ቀለም ለመሳል ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። ገጹ ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ይታየኛል፤ ሜታፌዝ በአረንጓዴ፣ አናፌዝ በቀይ። ፈተናው ላይ ግን «ክሮሞሶሞቹ ሳይለያዩ ቢቀሩ ምን ይከተላል?» ተብዬ ስጠየቅ ቀለሙ እንጂ መልሱ አልመጣልኝም።

ከዚያ ትምህርቱን በድምፅ ቀድቼ ማዳመጥ ጀመርሁ፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሐሳቤ ይሸሻል። የጠቀመኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጽሐፉን ዘግቼ ለእህቴ ሳስረዳ የተደናቀፍሁበትን ቦታ ተመልሼ ማንበብ። በኋላ እንዳነበብሁት ደግሞ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሃሮልድ ፓሽለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ግምገማ፣ ማስተማሪያውን ከተማሪው የመማር ስልት ጋር ማዛመድ ውጤት እንደሚያሻሽል በቂ ማስረጃ አላገኙም። ያን ሁሉ ምሽት ሳስበው ያንገበግበኛል።

ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ለዚህ ትምህርት በቀን ሁለት ሰዓት አለኝ። ሥዕሉን ጨርሶ ትቼ ራሴን በመጠየቅ ብቻ ላጥና፣ ወይስ ሁለቱን አዋህዳችሁ የተሳካላችሁ ካላችሁ ሰዓታችሁን እንዴት ከፋፈላችሁት?