በጎቻችንን የነከሰው ጅብ ነው ወይስ ሌላ? ዱካና ኩስ የምትለዩ እርዱኝ

የጣርማ በር ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ከደብረ ሲና ከፍ ብሎ ባለ መንደር ነው ያለነው። ትናንት ሌሊት አውሬ በረት ገብቶ አራት በጎች ነከሰብን፣ ሁለቱ ሞቱ። አንዱም በወጉ አልተበላም፤ ጭናቸውና ጆሯቸው ነው የተቦጫጨቀው። ከበረቱ ጀርባ እንደ ኖራ የነጣ ኩስ አለ። ጭቃው ላይ ጥፍር ያለው ዱካ ቀርቷል፣ ርዝመቱ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ጎረቤት ሁሉ ጅብ ነው ይላል። አባቴ ደግሞ ወፍ ዋሻ ደን ቅርብ ስለሆነ ነብር ጠርጥረዋል። አንዳንዱ መርዝ እናስቀምጥ እያለ ስለሆነ ቶሎ ብትመልሱልኝ።

እረኛው
አይዞህ ወንድሜ። ነብሩን ተወው። ነብር ሲራመድ ጥፍሩን ስለሚሰበስብ ዱካው ክብ ነው፣ ጥፍር አይታይበትም። የመዳፉ የኋላ ጠርዝም ሦስት ጉብታ አለው። ሲገድል ደግሞ ብዙ ጊዜ ጉሮሮ ነው የሚይዘው።

ሰላሌ
ነጩ ኩስ ግን የጅብ ነው! አጥንት ስለሚበላ ኩሱ ሲደርቅ ይነጣል።

የዱር ወዳጅ
ልክ ነው፣ ግን እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለ። የጅብ ኩስ ትኩስ ሳለ አረንጓዴ ቢጤ ነው፤ የሚነጣው ሲደርቅ ነው። ስለዚህ ያ የትናንት ሌሊት አይደለም። ጅብ በዚያ በኩል እንደሚያልፍ ይነግርሃል እንጂ በጎቹን ማን እንደነከሰ አይነግርህም። አጥንት የጠገበ ውሻም ነጭ ይጥላል። ጅብ ግን አንድ ቦታ እየተመላለሰ ስለሚጥል ክምር ታያለህ። በእንጨት ገልብጠህ እይ፣ በባዶ እጅ አትንካ።

ዋናው ዱካው ነው። ጅብም ውሻም ጥፍራቸው ይታያል። የጅብ የፊት እግር ከኋላው በግልጽ ይተልቃል፣ ብዙ ጊዜ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ መዳፉም ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ነው። የውሻ ግን ግራና ቀኙ እኩል ነው። ሁለት ቀጭን ጭራሮ ዱካው ላይ መስቀለኛ አድርገህ አስቀምጥ። በጣቶቹና በመዳፉ መሃል ምንም ሳይነኩ ካለፉ ወደ ውሻ ያደላል።

የጣርማ በር ልጅ
አሁን አየሁት። ጭራሮው በደንብ አለፈ። የፊትና የኋላው ዱካ መጠን ያን ያህል አይለያይም። ነጩ ኩስ ክምር ነው፣ ደርቆ ይፈረፈራል።

የዱር ወዳጅ
እንግዲያው ጅቡ የቆየ መንገደኛ ነው፣ የትናንቶቹ ውሾች ናቸው። ብዙ በግ ነክሶ ሳይበሉ መሄድም የነሱ ጠባይ ነው። ጅብ ግን ብዙ ጊዜ አጥንቱን ሳይቀር ይበላል። መርዙን በፍጹም እንዳታስቡት! ጥንብ አንሳውን፣ የጎረቤትን ውሻ፣ ያገኘውን ሁሉ ይፈጃል።

የእንስሳት ሐኪም
የተረፉት ሁለቱ በጎች ያሳስቡኛል። ቁስላቸውን በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡ፣ ጓንት አድርጋችሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖር ስለሚችል ለይታችሁ እሰሩና ዛሬውኑ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። የሞቱትን አትብሉ፣ በጥልቅ ቅበሩ።

እረኛው
ማታ በረቱ ዙሪያ አመድ ነስንስ። ጠዋት ፀሐይ ገና ዝቅ እንዳለች ዱካው ጎልቶ ይታያል። ማስመሪያ ከጎኑ አድርገህ ፎቶ አንሳና እዚሁ ለጥፍልን።