የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ መስታወት ለምን በርሜል ይመስላል?

ጠያቂ፣ ከአዘዞ፦
ሰላም ወገኖች። እዚህ ጎንደር ፊዚክስ አስተምራለሁ። ትናንት አንዲት ተማሪዬ ቻንድራ የሚባለውን የጠፈር ኤክስሬይ ቴሌስኮፕ መስታወት ፎቶ አይታ፣ «መምህር፣ ይሄ መስታወት ነው በርሜል?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ መሀሉ ክፍት ነው። ደህና መልስ ልሰጣት እፈልጋለሁ።

መልስ፣ ከማራኪ፦
መምህር፣ ጎርጎራ ጣና ዳር ጠፍጣፋ ድንጋይ ወርውረው ያውቃሉ? ከላይ ከጣሉት ይሰምጣል። ውሃውን ታክኮ ከሄደ ግን እየነጠረ ይዘላል። ኤክስሬይም እንደዚያው ነው። ፊት ለፊት ሲመጣ መስታወቱ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። በ1 ዲግሪ አካባቢ ታክኮ ሲያልፍ ይንጸባረቃል። የሚሠራው እንግዲህ የበርሜሉ የውስጥ ግድግዳ ነው።

መልስ፣ ከፒያሳ፦
ልጨምር። አንድ በርሜል የሚሰበስበው ጨረር ትንሽ ነው። ስለዚህ አንዱን በሌላው ውስጥ ይከቱታል። ቻንድራ ኢሪዲየም የሚባል ብረት የተቀቡ 4 ጥንድ መስታወቶች አሉት። ኤክስኤምኤም ኒውተን የሚባለው ሌላ የኤክስሬይ መንኮራኩር ደግሞ በእያንዳንዱ ቴሌስኮፑ ወርቅ የተቀቡ 58 ስስ የኒኬል መስታወቶች ደራርቧል። ሁለቱም የመጠቁት በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። እኔ የቻንድራን እመርጣለሁ፤ ጥቂት ቢሆኑም ወፍራም ናቸው፣ ምስሉም ጥርት ያለ ነው።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ልጅቷ የጣና ዳሯ የደልጊ ልጅ ናት። ድንጋዩ ወዲያው ይገባታል።