«ሕፃን» የ17 ዓመት ጎረምሳንም ይጨምራል?

ጦሳ (ደሴ)፦ በአንድ የሕግ ጽሑፍ ላይ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር አጋጠመኝ፤ «የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ሕፃን ጥፋተኞችን በሞት መቅጣት ሕገ መንግሥቱን እንደሚፃረር በ5 ለ4 ድምፅ ወሰነ።» ጉዳዩ የተነሣበት የሚዙሪው ልጅ ሰው ሲገድል ግን 17 ዓመቱ ነበር። በእኛ አገር እንዲህ ያለው እርፍ ጨብጦ የሚያርስ ጎረምሳ ነውና «ሕፃን» መባሉ ልክ ነው? ስለ ሕፃናት መብት የሚደነግገው የእኛው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36ስ እርሱን ይጨምራል?

መሪጌታ (ሐይቅ)፦ በመጀመሪያ ቃሉ በሐመሩ «ሐ» እና በፀሐዩ «ፀ» ይጻፍ፤ ያለዚያ ሥሩ ይጠፋል። ሐፀነ ማለት አቀፈ፣ አሳደገ ነው፤ ሕፅን ደግሞ እቅፍ ነው፤ አልዓዛር ያረፈበትን «ሕፅነ አብርሃም» የማያውቅ የለም። ስለዚህ ሕፃን የሚባለው ዓመቱ ተቆጥሮ ሳይሆን ገና ከአሳዳጊ እቅፍ ስላልወጣ ነው።

ሼኹ (ወረኢሉ)፦ መሪጌታ፣ በዐረብኛም ሥሩ አንድ ነው፤ «ሒድን» እቅፍ ነው፣ በሸሪዓ ፍርድ ቤትም ልጅን በእቅፍ የማሳደጉ መብት «ሐዳና» ይባላል። ይሁን እንጂ ሐዳና ወሰን አለው፤ ተጠያቂነትም በቡሉግ፣ ማለትም ለአቅመ አዳም ወይም ሔዋን በመድረስ፣ ይጀምራል፤ ምልክቱ ባይታይ እንኳ አብዛኞቹ ሊቃውንት በ15 ዓመት ይቆጥሩታል። እርስዎ ባመጡት ሥር ከሄድን የ17 ዓመቱ ልጅ ከጥበቃው ውጭ ይቀራል፤ ይህ ደግሞ የእርስዎም ሐሳብ አይመስለኝም።

ጠበቃ (ኮምቦልቻ)፦ አባቶቼ፣ የሰው ሕይወት በቃል ሥር ላይ ሊንጠለጠል አይገባም። አንቀጽ 36 የዕድሜ ጣሪያ አልደነገገም፣ ስለ ሞት ቅጣትም አላነሣም፤ አንቀጽ 15 ደግሞ ሕይወት በከባድ ወንጀል ቅጣት ሊጠፋ እንደሚችል ይቀበላል። ልጁን የሚጠብቀው አንቀጽ 13 ነው፤ የመብት ድንጋጌዎች ኢትዮጵያ ከተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ጋር ተጣጥመው እንዲተረጎሙ ያዝዛልና፣ የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 37ም 18 ዓመት ሳይሞላው ወንጀል የፈጸመን ሰው በሞት መቅጣትን ይከለክላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 117ም የሚጠይቀው ፍርዱ በሚሰጥበት ሳይሆን ወንጀሉ በተፈጸመበት ጊዜ 18 ዓመት መሙላቱን ነው።

መሪጌታ (ሐይቅ)፦ አንቀጹን ተቀብያለሁ፤ ግን የአሜሪካኖቹ ዳኞች ምክንያት ምን ነበር? ልጅ ማስተዋሉ ያልበሰለ፣ በሌሎች ግፊት በቀላሉ የሚወሰድ፣ ጠባዩም ገና ያልጸና ነው አሉ። ይህ ሁሉ አሳዳጊ የሚያሻው ሰው መልክ ነው፣ ሕፃን የሚለው ቃል ስለዚህ አይበዛበትም።

ሼኹ (ወረኢሉ)፦ እነዚያው ዳኞች እኮ በደለኛ አይደለም አላሉም፤ ልጁ ከሞት ቢተርፍም በእስር ይቀጣል። የተቀነሰው የቅጣቱ ልክ ነው እንጂ ተጠያቂነቱ አልተነሣም። «ሕፃን» ግን ተጠያቂነቱንም የሚያነሣ ስለሚመስል የሟች ቤተሰብ ሲሰማው ይከፋዋል። እኔ «አካለ መጠን ያላደረሰ» የሚለውን እመርጣለሁ።

መሪጌታ (ሐይቅ)፦ የሟችን ቤተሰብ ማሰብዎ የሚገባ ነው። ሆኖም «አካለ መጠን» የሚለካው ቁመናን ነው፤ የ17 ዓመቱ ልጅ በቁመና አባቱን ሊያህል ይችላል። ዳኞቹ የመዘኑት ልቡናውን ነው፤ እርስዎ የመረጡት ቃል ደግሞ ልቡናውን አይነካም።