«ይነቀል» አሉን እንግዲህ

የእነሴው፦
ትናንት ማታ ሬዲዮ ላይ አንድ የግብርና ባለሙያ ሲናገር ሰማሁ። «በእርሻ መሬት ላይ ያለ ባሕር ዛፍ በሙሉ ተነቅሎ መሬቱ ወደ ሰብል ይመለስ» ይላል። ቡናዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ሰውዬው ጉቶ ነቅሎ ያውቃል? አባቴ አንድ ጉቶ ሊነቅል ከሁለት ወንድሞቼ ጋር ቀኑን ሙሉ ሲታገል ውሎ መሸበት። በ2015 ማዳበሪያ ጠፍቶ ሰው ሲንከራተት የኛን ቤት ያቆመው ያ ዛፍ ነው። ማዳበሪያ አይል፣ አረም አይል፣ ከብት አይበላው። እህቴን የዳረ፣ እኔን ያስተማረ እሱ ነው። ለገበሬ ባሕር ዛፍ ባንክ ነው። ባንክ ይነቀላል እንዴ?

ሰብለ፦
ባንክ! ጥሩ ቃል አመጣህ። ወለዱን የሚከፍለው ግን ማነው? ጎረቤት ነው። እኛ ድንበር ላይ የሰው ባሕር ዛፍ አለ። ከሥሩ ጀምሮ አስር እርምጃ ያህል ጤፉ ጉልበት አይደርስም፣ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። እናቴ በየዓመቱ ትዘራዋለች። የምታጭደው ግን ከዚያ ወዲያ ያለውን ብቻ ነው። ባለቤቱ ሲሸጥ እኛ ጋ አንድ ብር አልደረሰም። በሰው ገንዘብ የሚያተርፍ ባንክ!

ቆጋ ማዶ፦
እህቴ፣ ባንክ ማለት እሱ ነው እኮ። ሃሃ።

የእነሴው፦
ሰብለ፣ ቦይ ቆፍሩ። በዛፉና በማሳው መሃል ጠለቅ ያለ ቦይ ከወጣ ሥሩ ይቆረጣል። እኛ ሰፈር በየዓመቱ ይቆፈራል።

ሰብለ፦
ማን ይቆፍር? እናቴ? ስልሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ዛፉ የሱ፣ ቦዩ የኛ። እሺ በል።

ጡረተኛው ደን ጠባቂ፦
ልጆች፣ ስለ መትከልና ስለ መንቀል ትጣላላችሁ። ስለ አቆራረጥ አንድ ሰው አላነሳም። ባንክ ካላችሁ እሺ ባንክ ይሁን። ባንክ ያለው ሰው ወለዱን ይበላል እንጂ ዋናውን አይነካም። የባሕር ዛፍ ዋናው ጉቶው ነው። ከመሬት ከስንዝር ዝቅ ባለ ከፍታ ላይ፣ ወደ አንድ ጎን ዘመም አድርጋችሁ በመጋዝ ቁረጡት። ያኔ ውኃ አይቋጥርም፣ አይበሰብስም። ክረምቱን ጠብቆ ቀንበጥ በቀንበጥ ይሆናል። ሁለት ሦስቱን ጠንካራ አስቀርታችሁ ሌላውን መልምሉ። ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ውስጥ እንደገና አጣና ነው። አንዱ ጉቶ እንዲህ እያለ ሦስት አራት ዙር ይሰጣል።

የኛ ሰው ምን ያደርጋል? በደነዘ መጥረቢያ ይዘነጥለዋል። ጉቶው ይሰነጠቃል፣ ልጡ ተገንጥሎ ይንጠለጠላል። ከዚያ ቅጠሉንም ልጡንም ጠራርጎ ይወስዳል። ዛፉ ከአፈሩ የሳበው ምግብ ብዙው ያለው እዚያ ቅጠልና ልጥ ውስጥ ነው። እሱን ከወሰድክ በኋላ «ባሕር ዛፍ መሬቴን ገደለው» ብትል ማን ያምንሃል? ደግሞ ሁሉንም በአንድ ቀን አትጨርሱት። በአምስት ከፍላችሁ በየዓመቱ አንዱን ክፍል ቁረጡ። ያኔ መሬቱ አንድም ቀን ራቁቱን አይውልም።

ቆጋ ማዶ፦
ጋሼ፣ ምክርዎ ጥሩ ነው። ግን ሩብ ጥማድ ያለው ሰው ምኑን በአምስት ይከፍለዋል? ደግሞ ቆራጩ ገበሬው አይደለም። ነጋዴው ነው። ሰው ሲታመም ወይ ልጅ ሲዳር ነጋዴ ይመጣል። አንድ ዙር ዞሮ ያያል፣ በቁሙ ይገዛል። በሦስተኛው ቀን አይሱዙ ቆሞ ታገኛለህ። ቀን ሠራተኛው የሚከፈለው በቆረጠው ቁጥር ነው። የጉቶው ከፍታ ምኑ ነው? ዓመቱ ደረሰ አልደረሰ ማን ይጠይቃል? አውራ ጣት የምታክለውንም ለማገር ብሎ ይጭናታል።

የእነሴው፦
እሱስ ልክ ነው። ግን ለምን ነቃዮቹ ነጋዴውን አይናገሩም? ገበሬው ላይ ብቻ ነው ጉልበታቸው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ወገኖቼ፣ ነገሩን አታወሳስቡት። ባሕር ዛፍ መጤ ነው። ይከልከል። በምትኩ ሀገር በቀል ይተከል። ዝግባ፣ ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶ። ውኃችንን ጠጥቶ ጨረሰው እኮ።

የእነሴው፦
ወንድሜ፣ ዝግባው እስኪደርስ በምን እንጋግር? አንተ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሆነህ ሶኬት ትሰካለህ። እናቴ ምጣድ የምታነድበት የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። እሱን ስትነቅልባት ወዴት የምትሄድ ይመስልሃል? የቀረችውን ወይራ ልትቆርጥ ነው። ባሕር ዛፍ የሚቆረጠው ወይራው እንዳይቆረጥ ነው። መጤ ነው ካልክ ደግሞ በቆሎውም በርበሬውም መጤ ነው። እሱንም ንቀለው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ቦታዬን ለምን ታነሳለህ? ሐሳቤን መልስ።

የእነሴው፦
መለስኩልህ እኮ። በርበሬውን ዝለለውና ወይራውን አንብብ።

ቆጋ ማዶ፦
የእነሴው፣ ውኃውን ግን እንዳትዘለው። እኛ ጋ ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ምንጭ ነበረች። ልጅ ሆኜ እንስራው ጠብ ሳይል በቆመበት ይሞላ ነበር። ከላይዋ ባሕር ዛፍ ተተከለ። አሁን በጋ ላይ በጣሳ እየጨለፉ ነው የሚሞሉት። ቆጋ ደግሞ 7000 ሄክታር በመስኖ ያለማል ተብሎ የተሠራ ግድብ ነው። አካባቢውን ዞረህ እየው፣ ዓይንህ ከባሕር ዛፍ አያርፍም። ይሄም ባንክ ነው?

ጡረተኛው ደን ጠባቂ፦
ምንጭ ራስ ላይ መትከል ጥፋት ነው። በዚህ አልከራከርህም። ቦታው ዳገት፣ ጭንጫና ሰብል የማይዝ መሬት ነው። ጥቁሩን አፈር ተዉለት፣ ወንዙን ተዉለት። ግን ታሪኩንም አትርሱ። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመት ውስጥ ዙሪያዋ ተመንጥሮ ማገዶ አልቆባት ነበር። ምኒልክ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ተነስተው ነበር። ይሄ ዛፍ ነው ያስቀራቸው። ከመቶ ዓመት በላይ ተቆርጦ ያላለቀ ዛፍ ስንት አለን?

ሰብለ፦
ጋሼ፣ አዲስ አበባን ካነሱ አይቀር ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶችም ያንሱ። ጎንበስ ብላ፣ ከራሷ የሚበልጥ ሸክም አዝላ፣ በዚያ ቁልቁለት። ቅጠሉ መሬቱ ላይ ይቅር ይሉናል። ቅጠሉ ቢቀር እሷ ምን ትብላ? ባንክ ያሉት ወንዶች ናችሁ። የባንኩ ተሸካሚ ሴት ናት።

ጡረተኛው ደን ጠባቂ፦
እውነትሽን ነው ልጄ። መልስ የለኝም።

የአዊ ፈረስ፦
ሁልጊዜ ባሕር ዛፍ፣ ባሕር ዛፍ! አዊ፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ኑና ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ እዩ። መጀመሪያ ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር እናስገባለን። ቀጥሎ ሣሩን እናጭዳለን። በአራት በአምስት ዓመት ቆርጠን እናከስላለን። እንደገና እንተክላለን። አሲድ የበላው መሬት እኮ ነው። እህል አልሰጥ ያለው መሬት አገገመ። ሰው ቆርቆሮ ቤት ሠራ። ወደ አዲስ አበባ በጆንያ የሚገባው ከሰል ስንቱ የኛ መሰላችሁ? ከቆላ ግራር ጨፍጭፎ ከሚያከስል ሰው ጋር አትደምሩን። እኛ የተከልነውን ነው የምንቆርጠው። ባንክ ካላችሁ ይሄ ነው ባንክ።

ቆጋ ማዶ፦
ዋግ የገባበት ባንክ?

የአዊ ፈረስ፦
ቁስል አትንካ።

ቆጋ ማዶ፦
አልነካሁም፣ ጠየቅሁ። ከ2012 ወዲህ ያ ሁሉ ዲከረንስ እንደ ስንዴ ዋግ መትቶት ቆሞ አልደረቀም? ወረዳው ሙሉ አንድ ዓይነት ዛፍ። አንዱ ሲታመም ሁሉም ታመመ። ባንኩ ከሰረ ማለት ነው።

የአዊ ፈረስ፦
በሽታ የመጣው በአቆራረጥ አይደለም። አታምታታ።

ጡረተኛው ደን ጠባቂ፦
በአቆራረጥ አይደለም፣ በአተካከል ነው። ገንዘቡን ሁሉ አንድ ኪስ የከተተ ሰው ነው። ደግሞ ዲከረንስን ከባሕር ዛፍ ጋር አታስተያዩት። እሱ ከጉቶ አያንሰራራም። በየዙሩ ችግኝ ይፈልጋል። ችግኙ ከታመመ ዙሩም የለም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔ ያልኩትን ነው እኮ እያላችሁ ያላችሁት! ሀገር በቀል ቀላቅላችሁ ትከሉ።

የእነሴው፦
አንተ «ይከልከል» ነው ያልከው። «ቀላቅሉ» አላልክም። ወደ ላይ ወጥተህ አንብብ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
መንፈሱን ነው የምለው።

ቆጋ ማዶ፦
መንፈሱ አጣና አይሆንም።

ሰብለ፦
ሕግም አለ ይባላል። 1065/2010 የደን አዋጅ የግል ደንን ያውቃል። ጎረቤት ላይ ስለሚዘረጋ ሥር ግን ማንም የነገረኝ የለም። ቀበሌ ሄጄ ነበር። «ተነጋገሩ» ብለው መለሱኝ። ከዛፍ ጋር?

የአዊ ፈረስ፦
አዋጁ ያውቅሃል፣ ኬላው አያውቅህም። የራስህን እንጨት ጭነህ ስታልፍ የይለፍ ወረቀት አምጣ ትባላለህ። ወረቀቱን ለማውጣት የምትመላለስበት ከእንጨቱ ይበልጣል። ከዚያ ለነጋዴ በቁሙ አትሸጥም?

የእነሴው፦
አሁን አባቴ ጋ ደወልኩ። ስለ ሬዲዮው ልነግረው ነበር።

ቆጋ ማዶ፦
እሺ?

የእነሴው፦
ባለፈው ሳምንት ሸጦታል። ሁሉንም። በቁሙ።

ሰብለ፦
ስንት ዓመቱ ነበር?

የእነሴው፦
አራት።

ሰብለ፦
ባንኩ ተዘረፈ በለኛ።

የእነሴው፦
እባክሽ ተይኝ ሰብለ።

ጡረተኛው ደን ጠባቂ፦
ልጄ፣ በመጋዝ ነው የቆረጡት በመጥረቢያ?

የእነሴው፦
በመጥረቢያ ነው ጋሼ። እሱንም ጠየቅሁት።

ጡረተኛው ደን ጠባቂ፦
ጉቶው ገና እርጥብ ነው። ጊዜ አለህ። ነገ በጠዋት መጋዝ ይዘህ ሂድና የተሰነጠቀውን ዘመም አድርገህ አስተካክለው። ቅጠሉንም አታስጠርግ።

የእነሴው፦
ጋሼ፣ እኔ እኮ አዲስ አበባ ነው ያለሁት።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
አሃ!