አማካሪዬ «ቲዎሪ» ያልኩትን ሁሉ በቀይ አከበበብኝ፤ ምን ልተካበት?

ጠያቂ፦ እባካችሁ ቶሎ! ስድስት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ይዣለሁ። ፕሮፖዛሉን እስከ 10 ሰዓት ማስገባት አለብኝ። አማካሪዬ «ገና ያልተረጋገጠ ነው፣ ቃሉን አስተካክይ» ብሎ መለሰልኝ። ቲዎሪ ራሱ ያልተረጋገጠ ማለት አይደል እንዴ?

የፒያሳ ልጅ፦ ሃይፖቴሲስ በይው፣ አለቀ።

ጋሽ መምህር፦ ቲዎሪ ያልተረጋገጠ ማለት አይደለም ልጄ። ግን አልፈርድብሽም። ቲዎሪን «ንድፈ ሐሳብ» ብለን አስተማርናችሁ። ንድፍ ሲባል ደግሞ ገና ያልተሠራ ቤት ነው የሚታየን። በሳይንስ ቲዎሪ የሚባለው ብዙ ማስረጃ የተሸከመ ማብራሪያ ነው። ገና የሚፈተነው ሃይፖቴሲስ ነው። በአማርኛ «መላ ምት» እንላለን፣ ደግሞም ጥሩ ቃል ነው። መጀመሪያ መላ ትመቻለሽ፣ ቀጥሎ ትፈትሺዋለሽ።

ቡና በጀበና፦ ምን ያካብዳል? ፈረንጆቹም ሲያወሩ ግምታቸውን ቲዎሪ ነው የሚሉት።

ጋሽ መምህር፦ ሲያወሩ አዎ። ፕሮፖዛል ላይ አይሆንም።

የፒያሳ ልጅ፦ አልኩ እኮ፣ ሃይፖቴሲስ!

የላብ ሰው፦ ዓረፍተ ነገሩን ጻፊልን እንጂ።

ጠያቂ፦ «ቡና በባዶ ሆድ የሚጠጡ ተማሪዎች ከቁርስ በኋላ ከሚጠጡት ይልቅ ቃር ይበዛባቸዋል።»

የላብ ሰው፦ በቃ፣ ሃይፖቴሲስ ነው። ተማሪዎቹን ስትጠይቂ ውሸት ሆኖ ሊገኝ ይችላላ። ጨጓራን ካነሳሽ፣ መላ ምት እንዴት እንደሚፈተን ለማየት ኤች ፓይሎሪን አስቢ። ዛሬ ሰገራ ሰጥተን የምንመረመረው ባክቴሪያ ማለት ነው። ድሮ የጨጓራ ቁስለት በጭንቀትና በአሲድ ይሳበብ ነበር። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል ግን ባክቴሪያውን ጠረጠረ። በ1984 እ.ኤ.አ. ራሱ ጠጣውና ጨጓራው ተቆጣ። በዚያም አላበቃም፤ ባክቴሪያውን የሚያጠፋ መድኃኒት የወሰዱ ሰዎች ቁስለታቸው በአብዛኛው እንደማይመለስ ታየ። በ2005 እ.ኤ.አ. ከባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለሙ።

ቡና በጀበና፦ እኔ ግን በባዶ ሆድ ስጠጣ ምንም አይለኝም።

አራት ኪሎ ጸሐፊ፦ እህቴ፣ ተጠንቀቂ! ኮምፒውተሩን ሁሉንም ባንዴ ቀይር እንዳትይው። የሌሎችን ቲዎሪ የጠቀስሽበት ቦታም አብሮ ይቀየራል። አንድ በአንድ እያየሽ ሂጂ። ሁለትና ከዚያ በላይ መላ ምት ካሉሽ ደግሞ በእንግሊዝኛ ሃይፖቴሲስ ሳይሆን ሃይፖቴሲዝ ነው፤ አንዲት ፊደል ናት የምትለየው። ውጤት ስትጽፊም «ተረጋገጠ» አትበይ። «መረጃው ደገፈው» ወይም «አልደገፈውም» ይበቃል።

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ተራዬ ደረሰ፣ ቲዎሪ ያልኩበት ደግሞ 14 ቦታ አለ!

የፒያሳ ልጅ፦ 10 ሰዓት ሆነ እኮ። ደረሰልሽ?